የት፣ መቼ፣ በምን

ውብነሽ መርዶ ተረድታለች ወይስ አልተረዳችም? ይህን የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። የነፍስ አባቷ ስለሆንኩ ማወቅ ነበረብኝ፤ አላውቅም። ቄስ ቀለመ ወርቅ እባላለሁ። ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በአፋፍ ሚካኤል አገለግላለሁ። ሰው ሲወለድ አጠምቃለሁ፣ ሲሞት ፍትሐት አደርሳለሁ። ከነዚህ ከሁለቱ ውጭ ሌላ ዓይነት ነገር ይመጣብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። መጣብኝ። የተናደድኩትም በዚህ ነው፤ ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

የውብነሽ ልጅ አንተነህ ወታደር ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት እሱ ብቻ ነው። ያጠመቅሁት እኔ ነኝ፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ይባላል። ባለፈው መስቀል ሰሞን አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በማናውቀው ቁጥር ደወለ። በመንደራችን ኔትወርክ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ብቻ ስለሆነ እሑድ እሑድ ስልክ ያለው ሁሉ እዚያ ይሰለፋል፤ እኔም ከአጠገቧ ቆሜ ነበር። ሙቀቱ እንቅልፍ እንደነሳው ነገራት። የሰዎቹ ቋንቋ እንደማይገባው ነገራት። የደንብ ልብሳቸውን አስወልቀው ሌላ ልብስ እንደሰጧቸው ነገራት። የት ነህ ስትለው ድንበሩን ተሻግረናል፣ ለማንም እንዳትነግሪ አላት፤ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ያ ቁጥር ዳግመኛ አልሠራም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግራ መጋባት ነው። የውጭ አገር ሬዲዮ፣ የእኛ መንግሥት በጎረቤት አገር ጦርነት ውስጥ በስውር ገብቷል፣ ከተፋላሚዎቹ አንዱን ይዞ ይዋጋል ይላል። የአገር ውስጡ ሬዲዮ ደግሞ አንድም ወታደር ከድንበር አላለፈም ይላል። ውብነሽ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዳ ስትጠይቅ ልጅሽ ግዳጅ ላይ ነው አሏት። የት ብትል፣ አገር ውስጥ። ታዲያ ቋንቋቸው እንዴት አይገባውም ብትል፣ አንዱ መኮንን አገራችን እኮ ቋንቋ የበዛባት ናት ብሎ መለሰላት። ስትነግረኝ ልስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

የካቲት ላይ ምክር ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ የሕዝብ ተወካያችን ወይዘሮ እድላዊት መራጮቿን ልታነጋግር ንፋስ መውጫ መጣች። የእስቴ ልጅ ናት፤ እናቷ እስካሁን መካነ ኢየሱስ ይኖራሉ። እሷ ግን በልጅነቷ ለትምህርት ወጥታ ዕድሜዋን በከተማ ያሳለፈች ስለሆነች፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስንመርጣት መልኳን ያየናት በፎቶ ብቻ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ስለ ማዳበሪያ ተጮኸ፣ ስለ መንገዱ ተጮኸ፣ ስለ ውኃው ተጮኸ። እሷም አንገቷን እየነቀነቀች ሁሉንም ሰማች። ውብነሽ የተነሳችው መጨረሻ ላይ ነው። ልጄ ያለበትን አገር ስም ንገሩኝ፣ ሌላ አልጠይቅም አለች። ሰብሳቢው ከአጀንዳ ውጭ ነው ብሎ ሊያስቀምጣት ሲል እድላዊት ከመድረኩ ዝቅ ብላ ቤትዎ መጥቼ እናወራለን አለቻት። እንደ ባለሥልጣን ወግ ቆጥረነው ረሳነው።

ሐሙስ ማታ ከቅጥሩ ጥግ ሳለሁ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ደምሌ ደወለልኝ። ደምሌ የእኛው መንደር ልጅ ነው፤ ንፋስ መውጫ ገብቶ ከተሜ ከሆነ ወዲህ ግን ሁሉ ነገር ለሱ ፕሮግራም ነው። ነገ ሲነጋጋ ውብነሽ በር ላይ እንድገኝ፣ ለአያ አዱኛም እንደነገራቸው፣ ከላይ የመጣ ሰው እንዳለ ነገረኝና ዘጋው። ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። በሌሊት፣ የነፍስ አባትና ሽማግሌ፣ ከላይ የመጣ ሰው፣ ልጇ የጠፋባት እናት በር ላይ። ይህ ለጋይንት ሰው ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

በእኛ አገር በሩቅ የሞተ ሰው ሞቱ እንደ ወሬ አይነገርም። የነፍስ አባትና ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውዬው ለሥራ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ፣ በሩ ላይ ይቆማሉ። ሰላምታ የለም። አንዱ በሩን ይመታል፤ የከፈተው ሰው የቆሙትን አይቶ ይረዳዋል። መርዶውን የያዘው ሰው ሦስት ነገር ማወቅ አለበት፦ የት ሞተ፣ መቼ ሞተ፣ በምን ሞተ። በለቅሶው መሃል የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ሦስቱን ያልያዘ ሰው መርዶ ይዞ አይሄድም። ሌላው ወግ ደግሞ በመንገድ ላይ ምንም አለመጠየቁ ነው። ሰው የሞተበትን በር ሊመቱ የሚሄዱ ሰዎች እርስ በርስ አያወሩም፤ ነውር ነው።

አርብ ጠዋት ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። መስቀሌን ይዤ ስደርስ አያ አዱኛ ቀድመውኝ ከአጥሩ ሥር ቆመዋል። እኚህ ሽማግሌ በመንደራችን መርዶ የሚነገረው በሳቸው አፍ ነው፤ ሰው የሚያጽናና አንደበት አላቸው። ምንም አልጠየቁኝም፤ ምንም አልጠየቅኋቸውም። እኔ እሳቸው ያውቃሉ ብዬ አስቤአለሁ፣ እሳቸው እኔ አውቃለሁ ብለው አስበዋል። ሁለታችንም ደግሞ ሦስቱን ነገር የያዘው ከላይ የመጣው ሰው ነው ብለናል።

መኪናው ከመንገዱ ዳር ቆመና ደምሌ ወረደ፤ ከኋላው እድላዊት መጣች። ነጠላዋን ለብርዱ ብላ ከራሷ ላይ ደርባ፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ አንገቷ ላይ ጠምጥማዋለች። በእኛ አገር ሴት ነጠላዋን እንዲህ የምታዘቀዝቀው ለሐዘን ነው። እሷን ሳይ የቀረችኝ ጥርጣሬ ጠፋች፤ አንተነህ ሞቷል አልኩ በልቤ። ቀስ ብላ እንደምን አደራችሁ አለችን። ዝም አልናት። በኋላ እንደነገረችኝ የተቀየምናት መስሏት ነበር።

አያ አዱኛ በሩን መቱ። ውብነሽ የማለቢያ ቅል በእጇ ይዛ ወጣች። እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ መስቀሌን አየች፣ የሴትዮዋን ነጠላ አየች። ቅሉ ከእጇ ወደቀ።

«ውብነሽ፣ ልጄ፣ ቻይው» አሏት አያ አዱኛ።

ከዚህ በላይ ማንም ምንም አላለም። እሷ መሬት ላይ ወደቀች። ጩኸቷ ተሰማ፤ ጎረቤት የከብት በረቱን ሳይከፍት ሮጠ፤ ማን እንደነገረው እግዜር ይወቅ፣ ጥሩንባ ነፊው ከአፋፉ ላይ ጥሩንባውን ነፋ። ጥሩንባ አንዴ ከተነፋ በኋላ የሚመልሰው የለም። ፀሐይ ብቅ ስትል ግቢው ሞልቶ ሰው ወደ አውድማው ተርፏል፤ ከማዶ ሰፈር እያለቀሱ የሚመጡ ሴቶች ይታያሉ። እኔም አለቀስኩ። ልጁን ያቀፍኩት እኔ ነኝ፤ ውኃው ቀዝቅዞት እንዴት እንደጮኸ ትዝ አለኝ።

እንባዬን እየጠረግሁ ሳለ አንድ ሰው እጅጌዬን ያዝ አደረገኝ። እድላዊት ናት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባ፣ ማን ሞቶባቸው ነው?» አለችኝ።

መጀመሪያ የሰማሁ አልመሰለኝም። ልጇ ነዋ፣ መርዶውን ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም ወይ አልኳት። እሷ የመጣችው ቃል ስለገባች ብቻ እንደሆነ፣ ለሰላምታ እንደሆነ፣ በገበያው ቀን አርብ ገበያ ላይ ሌላ ስብሰባ ስላለባት ደምሌ በጠዋት እንለፍ እንዳላት፣ ሽማግሌ ይገኝልኝ ያለችውም ለክብር መስሏት እንደሆነ በተንቀጠቀጠ ድምፅ ነገረችኝ። ስለ አንተነህ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ሞቱንም፣ ሕይወቱንም።

ያን ሁሉ ሰው የሚያስለቅስ መርዶ የማንም አልነበረም። አያ አዱኛን ጠርቼ ስነግራቸው የነፍስ አባት ሲቆም አይተው ነው ብለው ጮኹብኝ። እኔም ሽማግሌ ቀድሞ ቆሞ አይቼ ነው ብዬ ጮህኩባቸው። ሁለታችንም ዞረን ደምሌ ላይ ጮህን። እሱ የፕሮግራም መደራረብ ነው አለ። በመስቀሌ ልመታው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

አሁን ደግሞ ለቅሶውን እንዴት ነው የሚያስቆሙት? ለመቅበር ሥርዓት አለን፣ ለመፍታት ሥርዓት አለን፤ የተረዳ መርዶ ለመመለስ የሚሆን ሥርዓት ግን አባቶቻችን አልተውልንም። መስቀሌን ከፍ አድርጌ ዝም በሉ አልኩ። የቀረቡት ዝም አሉ፤ የራቁት አልሰሙም። የቀረቡትም ቢሆኑ ግማሾቹ የሚያለቅሱት የየራሳቸውን ሰው ስለሆነ ለማቆም ጊዜ ወሰደባቸው። ተሳስተናል፣ ልጁ ሞተ ያለ ሰው የለም ብዬ ተናገርኩ። አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ደግሞ አፏን ያዘቻት፤ በሕይወት አለ ያለ ሰውም አልነበረማ።

ውብነሽ ከመሬት ተነስታ ተቀመጠች። ፀጉሯ ተበትኗል፤ ፊቷ አፈር ነው። እኔን አላየችኝም። እድላዊትን ነው ያየቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ልጄ አልሞተም?»

«አላውቅም፣ እናቴ።»

«ስለዚህ አለ?»

«አላውቅም።»

«የት ነው ያለ?»

መንግሥት ወታደር አልላክሁም ነው የሚለው አለች እድላዊት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«መንግሥትን አልጠየቅሁሽም። አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም አላውቅም። ጠይቄ አላውቅም።»

ለምን አልጠየቅሽም የሚል ጉርምርምታ ከወንዶቹ በኩል ተነሳ። እሷም ለማስረዳት ሞከረች፤ እኔ ግን የገባኝ ግማሹ ነው። የፓርቲ አባል ብድግ ብሎ የፈለገውን አይጠይቅም፣ ጥያቄ አስቀድሞ ይታያል፣ የጦር ነገር በዝግ በኮሚቴ ነው፣ የሷ ኮሚቴ ደግሞ የእርሻ ነው። ስም እንደሚጠፋ፣ አገር ከዳች እንደሚባል፣ ከዚያም የከፋ እንዳለ። እናቷም መካነ ኢየሱስ ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ ከሷ ሌላ ልጅ እንደሌላቸው ጨመረች። እዚህ ላይ አዘንኩላት። ፈርታለች፤ መፍራቷንም አልደበቀችም።

ውብነሽ እስክትጨርስ ሰማቻት። ከዚያ የተናገረችውን ከነቃሉ አስታውሰዋለሁ።

«እኔ ከዚህ ሆኜ ብጮህ የሚሰማኝ ጉና ተራራ ነው። አንቺን ግን እዚያው ምክር ቤቱ ውስጥ አስገብተንሻል። መርዶ ይዘሽ በሬ ላይ ቆመሻል፤ ሳታውቂ ይሁን አውቀሽ ግድ የለኝም። መርዶ ያመጣ ሰው ሦስት ነገር ይናገራል። የት፣ መቼ፣ በምን። ሦስቱን ሳትነግሪኝ ይህን ለቅሶ አልተውም፤ አልጨርስም። ሂጂና ጠይቂልኝ። አለ ካሉሽ የት እንዳለ ይንገሩሽ። የለም ካሉሽም ይንገሩሽ። ልጄን ማን እንደላከው፣ ለማን ጦርነት እንደላከው ይንገሩሽ። ካንቺ ሌላ የምልከው ሰው የለኝም።»

እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም። ወይዘሮ እድላዊት፣ እዚያ የተቀመጡት ሁሉ እንደኛ ናቸው አልኳት። አንዱ ሌላው ያውቃል ብሎ ዝም ብሏል፤ ሌላውም እንዲሁ። ዛሬ ጠዋት እኔና አያ አዱኛ አንዳችን አንዳችንን አንድ ቃል ብንጠይቅ ኖሮ ይህች ሴት መሬት ላይ ባልወደቀች ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ወደ እድላዊት ጠጋ ብላ ነጠላዋ መዘቅዘቁን በጆሮዋ ነገረቻት። እድላዊት ጥለቱን በጣቶቿ ነካ አደረገችው። ልታቃናው የጀመረች መስሎኝ ነበር፤ እንዳለ ተወችውና ወደ መኪናዋ ሄደች።

ከዚያ ቀን በኋላ መንደራችን እንዴት መኖር እንዳለበት ጠፋበት። ውብነሽን በመንገድ ያገኘ ሰው እንደምን አደርሽ ይበላት ወይስ እግዜር ያጥናሽ? አንዳንዱ ሁለቱንም ይላል፤ አንዳንዱ በሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። እሷ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ትለብሳለች፤ ፀጉሯን ግን አልተላጨችም፣ ጥቁርም አልለበሰችም። ከሥራዋ አልቀረችም። ገብሷን አስወቅታ ጎተራ አስገባች፤ የሚያግዟት ጎረምሶች የውቂያ ዘፈን ይዝፈኑ አይዝፈኑ አያውቁም፤ በዝምታ ወቁላት። ተዝካር መቼ ነው ብሎ የጠየቀኝ ዲያቆን ነበር፤ ከየትኛው ቀን ልቁጠርለት?

የኔ መከራ ደግሞ በቅዳሴ ነው። ለመንገደኛ የሚጸለይ ጸሎት አለን፤ ላንቀላፉትም አለን። ወልደ ሚካኤልን በየትኛው ልጥራው? በሞቱት ብጠራውና በሕይወት ቢኖር ልጁን በአፌ ገደልኩት ማለት ነው። በመንገደኞች ብጠራውና ሞቶ ቢሆን ነፍሱን ያለ ፍትሐት ተውኳት። አንድ እሑድ ከሁለቱም ዘለልኩት። ቅዳሴው ሲያልቅ ውብነሽ ከደጀ ሰላሙ ጠብቃኝ ስሙን አልሰማሁትም አለችኝ። አላውቅም ልጄ፣ ግራ ገባኝ አልኳት። እሷ አልተቆጣችኝም።

«አባ፣ አንቱ በመንገደኞች ይጥሩልኝ» አለችኝ። «እነሱ ሲመልሱልን ይቀይሩታል።»

ምክር ቤቱ ከእረፍት ከተመለሰ በኋላ አንድ እሑድ እድላዊት ለውብነሽ ደወለች። ማክሰኞ ስብሰባው በቴሌቪዥን እንደሚተላለፍ ብቻ ነገረቻት። ማክሰኞ ጠዋት መንገድ ዳር ካለው ሻይ ቤት ገባን፤ ባለቤቱ ፊልሙን አጥፍቶ ዜናው የሚተላለፍበትን ከፈተልን። ስብሰባው ረጅም ነበር። ሚኒስትሩ ስለ ሰላም ሪፖርት አነበበ። አያ አዱኛ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ለጥያቄ ዕድል ሲሰጥ እጇን ያወጣች ሴት ታየች፤ ካሜራው ሲቀርብ ውብነሽ ክንዴን ጨበጠችኝ። እድላዊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

በመራጮቿ ስም ሦስት ጥያቄ እንዳላት ተናገረች። ድምፅዋ እንደዚያን ቀን ይንቀጠቀጣል። ልጆቻችን ድንበር ተሻግረው የት አገር ነው ያሉት? መቼ ሄዱ? ይህ ምክር ቤት ሳያውቅና ሳይፈቅድ በምን ሥልጣን ተላኩ? ሰብሳቢው ከአጀንዳ ውጭ ነው አለ፤ ልክ እንደ ንፋስ መውጫው። እሷ አልተቀመጠችም። መርዶ በራቸው ላይ የቆመባቸው እናቶች አሉ፣ መልስ እጠብቃለሁ አለች። ከወዲያ ማዶ አንድ ጭንቅላታቸው የተመለጠ ሽማግሌ አባል፣ ከየት ክልል እንደሆኑ አላወቅሁም፣ ይመለስላት ሲሉ ተሰማ። አዳራሹ ተንጫጫ። ሚኒስትሩ መነጽሩን አውልቆ አስተካከለና ለአገር ደኅንነት ሲባል በዚህ ጉዳይ ዝርዝር ማብራሪያ እንደማይሰጥ ተናገረ። ከዚያ ማስታወቂያ መጣ፤ የልብስ ሳሙና።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለነው ምን እንደተባለ አልተስማማንም። አንዱ ምንም አልመለሰም አለ። አንዱ ካደ አለ። አያ አዱኛ ነቅተው ምን ተባለ እያሉ ሁሉንም ይጠይቃሉ። ውብነሽ ናት የገባት።

«የተሻገረ የለም አላለም» አለች። «እስከ ዛሬ የለም ነበር የሚሉን።»

አመሰግንሻለሁ ልትላት ያን ቀን ለእድላዊት ደወለች፤ ስልኳ ዝግ ነው። በማግሥቱም ዝግ ነው። ሳምንቱ አለቀ። በቴሌቪዥን የሚቀጥለው ስብሰባ ሲተላለፍ ወንበሯን ፈለግን፤ ካሜራው በዚያ በኩል አላለፈም ወይም አልፎ አላየናትም። ደምሌን ብጠይቀው ያንን ቁጥር ባልደውል እንደሚሻል በሹክሹክታ መከረኝ፤ ለምን ስለው ኔትወርክ ይሆናል አለኝ። ኔትወርክ ከሆነ ለምን እንደሚያንሾካሹክ አልጠየቅሁትም። ምናልባት ደኅና ናት። ምናልባት ስልክ ቀይራለች። ምናልባት የሚለው ቃል እንዲህ አስጠልቶኝ አያውቅም።

መካነ ኢየሱስ እንሂድ ያለችው ውብነሽ ናት። ምን ልናደርግ ስላት፣ እናትየዋ ብቻቸውን እንደሆኑ ሰምታችኋል፣ እኔ ነኝ ልጃቸውን የላክኋት አለች። ሦስታችን፣ እሷ፣ አያ አዱኛና እኔ፣ ደብረ ታቦር አድረን በመጀመሪያው አውቶቡስ መካነ ኢየሱስ ገባን። ገና ጠዋት ነው፤ ጭጋጉ ከጣራዎቹ ላይ አልተነሳም። ሰው ጠይቀን ቤቱን አገኘነው። አያ አዱኛ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ በሩ ሲያመሩ ውብነሽ ከኋላ ነጠላቸውን ያዘቻቸው።

«በዚህ ሰዓት? ቄስና ሽማግሌ ሆነን?»

አያ አዱኛ ቆሙ። ሁለታችንም አፈርን። ሁለተኛ ልንሠራው ነበር።

ወደ ኋላ ተመልሰን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀመጥን። ፀሐይዋ ወጣች፤ ሱቆች ተከፈቱ፤ የትምህርት ቤት ልጆች አለፉ። ውብነሽ ገና ነው፣ ገና ነው እያለች አቆየችን። ሰው ሁሉ ምሳ በልቶ የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ ተነሳች። መስቀሌን በኪሴ እንድከት ነገረችኝ፤ ከተትኩት። ከዚያ ነጠላዋን ፈታችው። ከዚያ አርብ ጠዋት ጀምሮ ያላቃናችውን ጥለት ወደ ታች አወረደችው፣ በትከሻዋ ላይ አጣፋችው፣ ወደ ገበያ እንደምትሄድ ሴት ለበሰችው። ልጇ አልተገኘም፤ አንድም መልስ አልመጣላትም። ለሌላ ሴት ብላ ነው ያቃናችው። ፊቴን አዞርኩ።

የእድላዊት እናት ወይዘሮ የኔነሽ በሩን ሲከፍቱ እጃቸው ላይ ሽሮ አለ። የልጃቸውን ፊት ይመስላሉ። እኛን አንድ በአንድ አዩን፤ ጥምጣሜ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ።

«እንደምን ዋልሽ፣ እኅቴ» አለቻቸው ውብነሽ። «መርዶ አይደለም። ነጠላዬን እይው። ከጋይንት የመጣሁ ነኝ፤ ልጅሽን ጠይቂልኝ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ።»

«ልጄ ደኅና ናት?»

ውብነሽ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ አያ አዱኛ ዞርኩ። እሳቸው ያ ሁሉ አንደበታቸው ጠፍቶ ምርኩዛቸውን ያያሉ።

«አላውቅም» አለች ውብነሽ።

«የት ናት?»

«አላውቅም፣ እኅቴ። የምነግርሽ የለኝም። አብሬሽ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ወይዘሮ የኔነሽ ይጮኻሉ ብዬ ፈራሁ፤ አልጮኹም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን ነጠላቸውን አወረዱ።

«የወረዳው ቢሮ ከምሳ በኋላ የሚከፈተው ስምንት ሰዓት ነው» አሉ። «እስከዚያ ግቡና እህል ቅመሱ።»